ከኡኡታ እስከ 102፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታሪክና የእኛ ቤት



ወደ እስራኤል የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሰማቸው ነገሮች መካከል ሦስት አጫጭር ቁጥሮች አሉ። 100 ፖሊስ ነው። 101 ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ማለትም አምቡላንስ ነው። 102 ደግሞ መካቤ ኤሽ፣ በአማርኛችን የእሳት አደጋ መከላከያ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ እኛም ሰምተን እናልፋለን። ስለ ፖሊስና ስለ አምቡላንስ በየቤቱ ብዙ ይወራል። ስለ ሦስተኛው ቁጥር ግን፣ ቀይ መኪና ይዞ ከመምጣቱ በቀር፣ የምናውቀው ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያ ሦስተኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ከጀርባው ያሉት ሰዎች በየቀኑ ምን እንደሚሠሩና እኛን ለምን እንደሚመለከተን እንተርካለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ታሪኩን የምንተርከው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። እሳት በተነሣበት ቤት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሰው ሕይወት የሚተርፍባቸው ወይም የሚጠፋባቸው ናቸው። በእነዚያ ደቂቃዎች አንዱ ስልክ ሲያነሣ ሌላው የሚያመነታው፣ ብዙ ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው።

የአገር ቤቱ እሳት አደጋ መከላከያ

ቤተ እስራኤል ለእሳት እንግዳ የሆነ ሕዝብ አይደለም። በጎንደርና በዙሪያው በነበሩት መንደሮቻችን ከእርሻው ጎን ለጎን ብዙዎቹ ወንዶች ቀጥቃጮች፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በወናፍ ፍም እያራገቡ ብረት ያጋሉ፣ ማረሻና ማጭድ የሠሩ፣ ድስትና ጀበና በእሳት የተኮሱ እጆች የእሳትን ጠባይ ያውቁታል። በዚሁ ሙያ ምክንያት ጎረቤት ቡዳ የሚል ስም ቢያወጣብንም፣ ማረሻው ሲሰበርበት የሚመጣው ወደ እኛው ወናፍ ነበር።

በየቤቱ እሳቱ ማታ ማታ በአመድ ተዳፍኖ ያድራል። ጠዋት ፍሙ ጠፍቶባት የተነሣች እናት ከጎረቤት እሳት ትጭራለች። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እሳቱ ሁሉ ይጠፋል። ሰንበትን የምናከብረው ያለ እሳት ነበር፤ ዓርብ የተዘጋጀውን ምግብ ቀዝቃዛውን እየበላን፣ ብርዱ ሲጠና ጋቢ ለብሰን። ስለዚህ በሳምንት አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በቤታችን ውስጥ አንዲት ፍም አትገኝም ነበር። ይህን ነገር በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጎጆው የሣር ክዳን ነው። በበጋ ወራት ደረቁ ሣር በአንድ ብልጭታ ይያያዛል፤ ነፋስ ካለም የጎረቤት ጎጆ አይተርፍም። ያን ጊዜ የሚደወል ቁጥር የለም፤ የሚመጣ መኪናም የለም። ያለው ኡኡታ ነው። አንድ ሰው «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብሎ ሲጮኽ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። አንዱ እንስራ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ አፈር እየዛቀ ይበትናል፣ አንዱ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ እሳቱን ይመታል፣ ሌላው ከሚቀጥለው ጎጆ ክዳን ላይ ወጥቶ ሣሩን ይገፍፋል። ሴቶች ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ያወጣሉ። የተጣላ ጎረቤት እንኳ ኡኡታ ሰምቶ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥ የሚቀጥለው ጎጆ የእሱ ነውና።

ይህን የአገር ቤት ሥርዓት ቀረብ ብለን ብናየው ሦስት ነገሮችን እናገኝበታለን። አንደኛ፣ እሳቱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይጮኻል። ሁለተኛ፣ ጩኸቱን የሰማ መምጣት ግዴታው ነው። ሦስተኛ፣ የመጣው ሰው የሚሠራውን ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ገና ሲጀምር በቅጠል የሚጠፋው እሳት፣ ከተቀጣጠለ በኋላ ወንዝም ቢያመጡለት አይበርድም። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የእስራኤል የእሳት አደጋ መከላከያ ታሪክም የእነዚሁ ሦስት ነገሮች ታሪክ ነው።

በጎ ፈቃደኞቹ

ቴል አቪቭ በ1909 ስትመሠረት በአሸዋ ክምር መካከል መሬት ዕጣ የተጣጣሉ 66 ቤተሰቦች ሰፈር ነበረች። በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ይልቁንም ከ1924 ጀምሮ፣ ከፖላንድና ከሌሎች አገሮች አዲስ ገቢዎች በብዛት ስለመጡባት በፍጥነት አደገች። ቤቱ፣ ሱቁ፣ የእጅ ሥራው ቦታና መጋዘኑ ተጠጋጋ። እንደ መንደር ኡኡ ብሎ ሁሉን መጥራት አስቸጋሪ ሆነ፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን የማያውቅበት፣ ቋንቋውም የተደባለቀበት ከተማ ነበርና።

በ1925 የከተማዋ ነዋሪዎች የበጎ ፈቃድ የእሳት አጥፊዎች ጓድ አቋቋሙ። ጥሪ ሲመጣ የሚሮጡት ሰዎች ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚቆረጥላቸው አልነበሩም። ይህን የምናነሣው ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ትርጉም ስላለው ነው። ዛሬ ዩኒፎርም ለብሶ በትልቅ መኪና የሚመጣው ድርጅት የተጀመረው በጎረቤት ለጎረቤት መድረስ ነው። የጀመሩትም ሰዎች እንደ እኛው ከሌላ አገር መጥተው አዲስ ኑሮ ይገነቡ የነበሩ ሰዎች የሞሉባት ከተማ ልጆች ናቸው።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1940 የኢጣሊያ የጦር አውሮፕላኖች ቴል አቪቭን በቦምብ ደበደቡ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ ያው ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የመታው የኢጣሊያ አየር ኃይል ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን በኢትዮጵያ ከሰማይ የወረደባቸውን እሳት የቴል አቪቭ ሰዎችም አይተውታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ሰፈር በሙሉ ሲነድና ሲፈርስ የጥቂት ፈቃደኞች ቆራጥነት ብቻውን አይበቃም። የሠለጠነ ሰው፣ በቂ ውሃ፣ መሣሪያና አዛዥ ያስፈልጋል።

መምጣት በሕግ ግዴታ ሲሆን

መንግሥት በ1948 ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1959 ክኔሴት የእሳት አደጋ አገልግሎትን ሕግ አወጣ። ሕጉ እሳት ማጥፋትን፣ እሳት እንዳይነሣ መከላከልንና በአደጋ ውስጥ የተያዘን ሰውና ንብረት ማዳንን የአካባቢ አስተዳደሮች ኃላፊነት አደረገው። አንዳንዱ ትልቅ ከተማ የራሱን ክፍል ያዘ። ሌሎቹ ከተሞችና መንደሮች ተባብረው ኢጉድ አሪም የሚባል የከተሞች ኅብረት መሠረቱ። በዚህ ዓይነት አገሪቱ ለ50 ዓመታት ያህል ከ20 በላይ በሆኑ የእሳት አደጋ ክፍሎች ተከፋፍላ ቆየች።

የሕጉ መልካም ጎን ግልጽ ነው። ጩኸት ሰምቶ መምጣት የፈቃደኛ ሰው ደግነት መሆኑ ቀርቶ የሕግ ግዴታ ሆነ። ሀብታም ሰፈር ይሁን ድሃ፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ይሁን የማያውቅ፣ ለደወለ ሁሉ መድረስ አለባቸው። ጉድለቱ ደግሞ ከክፍፍሉ የመጣ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል አቅም በከተሞቹ በጀት ላይ ተንጠለጠለ። በመንግሥትና በአካባቢ አስተዳደሮች መካከል ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጠለ። አንዱ ክፍል ጥሩ መኪና ሲኖረው ሌላው በአሮጌ ይሠራ ነበር። እሳቱ ግን የአንዱ ከተማ ክልል እዚህ ያበቃል ብሎ አይቆምም።

እኛ ስንገባ

ወገኖቻችን በብዛት የገቡት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል ገቡ። በ1991 መጀመሪያ ኢራቅ በቴል አቪቭና በሐይፋ አካባቢ ሚሳይል ስትጥል የእሳት አደጋ ሠራተኞች በፈረሱ ቤቶች መካከል ሲሠሩ አዩ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላም ጉዞው አልቆመም፤ ከ2020 እስከ 2023 በተካሄደው ጹር እስራኤል በተባለው ዘመቻ 5,000 ያህል ሰዎች መጥተዋል።

አገር ስንለውጥ እሳቱም ተለወጠብን። በአገር ቤት እሳት በዓይን የሚታይ ነገር ነበር፤ ነበልባሉ፣ ጭሱ፣ ፍሙ። በመርከዝ ክሊታው፣ በሆቴሉ፣ በካራቫኑና በኋላም በሕንፃው ውስጥ እሳት ተደብቋል። በግድግዳ ውስጥ ባለፈ ሽቦ፣ በሽታው ብቻ በሚታወቅ ጋዝ፣ ሳይቀላ በሚያቃጥል የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሲሞላ ባደረ ባትሪ ውስጥ አለ። ቤቱም ተለውጧል። የሣር ክዳኑ ጎጆ ጭሱን በጣሪያው ያስወጣ ነበር። ለክረምት መስኮቱ የተዘጋ አፓርታማ ግን ጭሱን ይዞ ያስቀራል። ለቡና ወይም ለሙቀት ከሰል ማያያዝ በጎጆ ውስጥ የለመድነው ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝተው ሳሉ ቤተሰብ ይገድላል። ይህ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ስለ እሳት የምናውቀው ሁሉ የተማርነው በሌላ ዓይነት ቤት ውስጥ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ዓርብ ማታ ነው። ከላይ እንዳልነው በአገር ቤት ሰንበት ቤታችን እሳት የሌለበት ሌሊት ነበር። እዚህ አገር በተለመደው ሥርዓት ግን ከሰንበት በፊት ሻማ ይበራል፣ ምግብ የሚያሞቀው ፕላታም እስከ ቅዳሜ ምሽት ሳይጠፋ ይቆያል። በኢትዮጵያ ያላከበርናቸው የሐኑካ መብራቶችና የላግ ባዖሜር የእንጨት እሳቶችም ወደ ልጆቻችን ሕይወት ገብተዋል። እንግዲህ ከሳምንቱ ሁሉ ሰላማዊ የነበረው ሌሊት፣ ሁሉ ተኝቶ ሳለ እሳት ብቻውን የሚያድርበት ሌሊት ሆኗል። ሥርዓቱን መቀበል መልካም ነው፤ ግን ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ጥንቃቄም መቀበል ይገባል። ሻማው ከመጋረጃ ርቆ በማይነድ ሳሕን ላይ ይቁም። ፕላታውም ላይ ጨርቅ አይጣል።

የአንድ ቀን ሥራቸው

ብዙ ሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ትልቅ ቃጠሎ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሥራው ግን በአብዛኛው ጋዜጣ ላይ የማይወጣ ትንሽ በትንሽ ነገር ነው። ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ድስት አለ። የነደደ የቆሻሻ ገንዳ አለ። በበጋ በመንደር ዳር የተያያዘ ደረቅ ሣር፣ በመንገድ ላይ የነደደ መኪና አለ። በአሳንሰር ውስጥ የተያዙ አሮጊት አሉ። በፀሐይ በተቆለፈ መኪና ውስጥ የቀረ ሕፃን አለ። በመኪና ግጭት በተጨማደደ ብረት ውስጥ የተያዘን ሰው ቆርጦ የሚያወጣውም በዚህ አገር የእነሱ ጓድ ነው። በክረምት ጎርፍ ሲሆን ከምድር ቤት ሰው ያወጣሉ። ጋዝ ሲሸት ወይም የፋብሪካ መርዝ ሲፈስ የሚጠሩትም እነሱ ናቸው። ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ሥራ ከሚበዛባቸው አንዱ ላግ ባዖሜር ነው።

ጥሪ ሲመጣ የሚሆነው እንደዚህ ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ምን እየነደደ እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ውስጥ ሰው እንዳለ ይጠይቃል። እሱ ጥያቄውን ሳይጨርስ መኪናው ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጥያቄው በዛ ብሎ መቆጣት አያስፈልግም። ሠራተኞቹ ከባድ ልብስና የራስ ቁር ያደርጋሉ፤ አየር የሞላበት ብረት በጀርባቸው ይሸከማሉ። ሲደርሱ አዛዡ ቤቱን ያያል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ መብራትና ጋዝ ያስዘጋል። ከፊሎቹ የውሃ ጎማ ሲዘረጉ ሌሎቹ በጭሱ ውስጥ እየዳሰሱ ሰው ይፈልጋሉ። አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይፈትሻሉ፤ ሕፃናት ሲፈሩ የሚደበቁት እዚያ ነውና። እሳት አጥፊ እንደ አውሬ የሚያስፈራ መሸፈኛ ለብሶ እንደሚመጣ፣ ከእሱም መደበቅ እንደማይገባ ለልጆቻችን አስቀድመን እንንገራቸው።

ሌላም የማይታይ ሥራ አላቸው። ሱቅ፣ አዳራሽ፣ ፋብሪካና መዋዕለ ሕፃናት እየዞሩ መውጫው ክፍት መሆኑን፣ የእሳት ማጥፊያው መሥራቱን ይመረምራሉ። ትምህርት ቤት ሄደው ያስተምራሉ። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ውጤት ያልተነሣ እሳት ስለሆነ ማንም ቆሞ አያመሰግናቸውም።

ካርሜልና ከዚያ ወዲህ

ዲሴምበር 2 ቀን 2010 በሐይፋ አጠገብ ባለው በካርሜል ተራራ ጫካ ውስጥ እሳት ተነሣ። ዝናብ የዘገየበት ደረቅ ወቅት ነበር፤ ነፋሱም ብርቱ። እሳቱ አራት ቀን ያህል ነደደ። 44 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በአካባቢው ያለን እስር ቤት እስረኞች ለማስወጣት በአውቶቡስ ሲጓዙ እሳቱ መንገድ ላይ የደረሰባቸው የእስር ቤት አገልግሎት ሠልጣኞችና መኮንኖች ነበሩ። የሐይፋ ፖሊስ አዛዥ አሁቫ ቶመርም ከሟቾቹ አንዷ ናት። ፖሊስ የእሳቱ መነሻ የሰው ቸልተኝነት ነው አለ። ጫካ የሚያነድድ ጦር አይደለም፤ ያልጠፋች አንዲት ፍም ትበቃለች።

ከሟቾቹ መካከል የ16 ዓመት ልጅም ነበር። ኤላድ ሪቨን ይባላል። ጾፌ ኤሽ ከሚባሉት፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ በፈቃዳቸው ከሚያገለግሉ ወጣቶች አንዱ ሲሆን፣ እሳቱን ለማጥፋት ለመርዳት ሄዶ ነው የሞተው።

በዚያ እሳት የአገሪቱ ድክመት በአደባባይ ታየ። እሳት የሚያጠፋ ትልቅ የአውሮፕላን ጓድ አልነበረም፤ ከግሪክ፣ ከቱርክ፣ ከቆጵሮስ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች አውሮፕላን ተልኮ መጣ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ከአደጋው በፊትም በኋላም ባወጣቸው ሪፖርቶች የሠራተኞቹን ማነስ፣ የመሣሪያውን እርጅናና የአሠራሩን መከፋፈል አሳይቷል። በ1925 ጎረቤት ለጎረቤት የጀመረው፣ በ1959 ለየከተማው የተሰጠው ሥራ፣ አንድ አገርን በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ በቂ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ለውጥ መጣ። በ2011 የእሳት አጥፊ አውሮፕላኖች ጓድ ተቋቋመ፤ በዚያ ወጣት ስም ኤላድ ተባለ። በ2012 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ከፌብሩዋሪ 2013 ጀምሮም የተከፋፈሉት ክፍሎች ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ የእሳት አደጋና የማዳን ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ። በኖቬምበር 2016 በሐይፋና በሌሎች ቦታዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ቃጠሎ ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፤ ቤቶች ቢቃጠሉም በእሳቱ የሞተ ሰው አልነበረም። በ2024 የበጋ ወራት በሰሜን ከሊባኖስ በሚተኮሰው ሮኬት የተነሣውን የሜዳና የጫካ እሳት ተዋጉ። ኤፕሪል 30 ቀን 2025 በኢየሩሳሌም ተራሮች እሳት ተነሥቶ ዋናው የቴል አቪቭና የኢየሩሳሌም መንገድ ተዘጋ፤ መንደሮችም ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። በጁን 2025 ከኢራን የተተኮሱ ሚሳይሎች መኖሪያ ሕንፃዎችን ሲመቱም ከፍርስራሹ ሰው ለማውጣት ከተሰለፉት መካከል እነሱ ነበሩ።

ለምን አንደውልም?

ከላይ ስለ ሦስት ነገሮች ተናግረን ነበር፤ ቶሎ መጮኽ፣ ሰምቶ መምጣት፣ ሥራውን ማወቅ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መቶ ዓመት በፈጀ ታሪክ መንግሥት ተረክቧል። የመጀመሪያው ግን ዛሬም የእኛው ነው። ማንም ባለሥልጣን በእኛ ፋንታ ኡኡ ሊልልን አይችልም።

በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራችን ቤተሰቦችን ስንጎበኝ «እሳት ቢነሣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። «ልጄን ከሥራ እጠራዋለሁ» የሚሉ አባቶች አሉ። «ዕብራይስጤ አይበቃም» የሚሉ እናቶች አሉ። «ገንዘብ ያስከፍሉን ይሆናል»፣ «ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቤት ሲገባ ጥሩ አይሆንም»፣ «ጎረቤት ምን ይለናል» የሚሉም አሉ። እነዚህ መልሶች ከስንፍና የመጡ አይደሉም። በኖርንበት አገር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ለበጎ ነገር የሚመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ግን እያንዳንዱን ፍርሃት ፊት ለፊት ማየት አለብን።

ስልኩ በራሱ ገንዘብ አያስከፍልም። የሚመጡት ሰዎች መታወቂያ ሊመረምሩ ወይም ልጅ ሊወስዱ አይመጡም፤ እሳት ሊያጠፉ ነው የሚመጡት። ዕብራይስጥ ለማይችል አንድ ቃል ትበቃለች፤ «ስሬፋ»፣ እሳት ማለት ነው። ከእሷ ቀጥሎ የከተማው ስም፣ የመንገዱ ስም፣ የቤቱ ቁጥርና ፎቁ። ይህን አድራሻ በዕብራይስጥ በትልቁ አስጽፋችሁ በር አጠገብ ለጥፉት፤ አያትም ልጅም አንብበው ወይም በቃላቸው ይዘው እንዲናገሩት። ልጅ ከሥራ እስኪመጣ ግን እሳት አይጠብቅም።

ስለ ሰንበትም አንድ ነገር እንጨምር። ሽማግሌዎቻችን ሰንበትን በጥብቅ አክብረው ያደጉ ናቸውና ቅዳሜ ስልክ መንካት ይከብዳቸዋል። ነገር ግን ነፍስ ማዳን፣ በዕብራይስጡ ፒኩአሕ ኔፌሽ፣ ሰንበትን ይሽራል። ይህ የራቢዎች ሁሉ ትምህርት ነው። በቤት ውስጥ እሳት ወይም ጋዝ ካለ በሰንበትም በኪፑርም መደወል የተፈቀደ ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ነው። ይህን ለአያቶቻችን ቀድመን፣ በአክብሮት፣ ቢቻል በቄሶቻችን አፍ እንንገራቸው።

እስኪመጡ ድረስ

ዘይት በድስት ውስጥ ከነደደ ውሃ አይደፋበትም፤ እሳቱ ይበታተናል። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ነው። ጋዝ ሲሸት መብራት አይበራም፣ ክብሪት አይጫርም፤ መስኮት ከፍቶ፣ ጋዙን ዘግቶ፣ ወጥቶ ከውጭ መደወል ነው። ቤቱ ከተያያዘ ንብረት ለማትረፍ መዘግየት አይገባም። ሁሉን ሰው ይዞ መውጣት፣ በሩን ከኋላ መዝጋት፣ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ መውረድ ነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ በጭስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወይም በጉልበት እየዳኹ መሄድ ይሻላል። ደረጃው በጭስ ከተሞላ ደግሞ ቤት ውስጥ መቆየት፣ በሩን ዘግቶ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ መድፈን፣ መስኮት ላይ ቆሞ መታየትና ደውሎ ያሉበትን መናገር ነው። አንዴ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ለእሳት አጥፊዎቹ የት ክፍል እንዳለ ይነገራቸዋል።

ከዚያ በፊት ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገርም አለ። በመስኮታችሁ ላይ የብረት ፍርግርግ ካለ፣ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ኮርኪኔት ባትሪ ሁሉ ተኝቶ ሳለ አይሞላ፤ በመውጫው በር አጠገብም አይቀመጥ። ማሞቂያው ላይ ልብስ አይሰጣ። በአንድ ሶኬት ላይ ብዙ ነገር አይደራረብ። ደረጃው ላይ የተቀመጠው አሮጌ ፍራሽና ጋሪ ይነሣ፤ እሳት ሲመጣ መንገዱ ያ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ከማኅበረሰባችን የወጡ ልጆች ዛሬ በእሳት አደጋ ጣቢያዎች ይገኛሉ። እናንተም በጾፌ ኤሽ ወይም በብሔራዊ አገልግሎት በኩል ልትገቡበት ትችላላችሁ። አማርኛ የሚናገር አንድ ልጅ በጣቢያው ውስጥ ካለ፣ ሌሊት ደንግጠው ለሚወጡ አያት በቋንቋቸው «እማማ፣ አይዞዎት፣ መጥተናል» የሚል ሰው አለ ማለት ነው።

ወናፍ የነፉና ሸክላ የተኮሱ ወላጆች ልጆች ነን። እሳት እንዴት እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚያጠፋ እነሱ አስተምረውናል፤ ኡኡታ ሲሰሙም ማን ነው ብለው ሳይጠይቁ ሮጠዋል። በዚህ አገርም ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጥ አለ። እሱ የሚሰማን ግን በ102 ስንጠራው ነው፤ እንጥራው፣ ቶሎም እንጥራው። ሳይቃጠል በቅጠል።